ለፈታኙ የተገዛው ፍየል

ምሳ የተጋበዘ ኦዲተር ብዕሩ ይለሰልሳል። ይህን ለማረጋገጥ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜና እሁዴን ሰጥቻለሁ። ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር ለማረጋገጥ ማስተርስ መማር ምን ይባላል ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። አጎቴ ሙሜ፣ በኦሮምኛ አዴራ የምንለው፣ በየሳምንቱ ሲጠይቀኝ ስለኖረ ጥያቄው ሰልችቶኛል።

ስሜ ኢንሳፍ ሳቢት ነው። ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ነኝ። የባልደረቦቼን ደረሰኝ እያገላበጥኩ የምተዳደር፣ ቢሮ ስገባ ወሬ የሚቋረጥልኝ ሴት ነኝ ማለት ነው። የሁለተኛ ዲግሪዬን በአካውንቲንግና ኦዲቲንግ እዚሁ ከተማችን ባለው ዩኒቨርሲቲ በቅዳሜና እሁድ ተማርኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርዕስ ስላይድ ላይ አራት መስመር ይፈጃል፤ ሲያጥር ግን ይህች ናት፦ ሊመረምር የሄደ ኦዲተር የሚመረምረው መሥሪያ ቤት ምሳ ሲጋብዘው ሪፖርቱ ምን ይሆናል?

ርዕሱን ሳስመዘግብ አማካሪዬ ዶክተር ጌድዮን ፀጉሩን አከከ። የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ ሲጨንቀው ፀጉሩን ያካል፣ እኔን ማማከር ከጀመረ ወዲህም ፀጉሩ ሳስቷል።

«ርዕሱ ጥሩ ነው። ግን ስለ ግብዣ ሐረርጌ ውስጥ ስትጠይቂ ሳትጋበዢ እንዴት ትመለሻለሽ?»

እውነቱን ነበር። ቦኬ ወረዳ በገበያ ቀን ሄጄ አንድ ኦዲተር ቤት ገብቼ መጠይቄን ስዘረጋ፣ ሰውዬው እስክሪብቶዬን ከእጄ ወስዶ ኪሱ ውስጥ ከተተና «መጀመሪያ ብዪ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለኝ። ሚስቱ ማሽላ ገንፎ በቅቤ አቀረበች። ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጉርሻ ሲመጣ አፌን እየከፈትኩ፣ ጉርሻ ሲያልፍ «ለመሆኑ ግብዣ በነፃነትዎ ላይ ተጽዕኖ አለው?» እያልኩ ጨረስኩ። ሰውዬው «በፍጹም!» አለና ሌላ አጎረሰኝ።

ያም ሆነ ይህ ጽሑፉ አለቀ። የቀረኝ ፈታኞች ፊት ቀርቦ መከላከል ነበር፤ ሁላችንም ዲፌንስ የምንለው። እሱ ግን አልመጣ አለ። አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ ታመመ። በመጨረሻ ትምህርት ክፍሉ ቁርጡን ነገረን፦ ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ቅዳሜ ያላለፈ ሰው የቆይታ ጊዜው ያበቃል፣ እንደ አዲስ ተመዝግቦ በሌላ ርዕስ ይጀምራል። ሦስቱን ዓመት አፈር ይብላው ማለት ነው። ስለዚህ ያን ቅዳሜ ከእጄ ሊወስድብኝ የሚመጣ ነገር ካለ፣ አውሬም ይሁን ሰው፣ ልነክሰው ተዘጋጅቼ ነበር።

የመጣው ግን ፍየል ነው።

በእኛ ከተማ ተማሪ ዲፌንስ ሲያቀርብ ቤተሰቡ ፈታኞቹን ምሳ ያበላል። የትም አልተጻፈም፤ ግን ማንም አይሽረውም። ከሩቅ የመጣ ምሁር ልጃችሁን ሲመረምር ቆይቶ ባዶ ሆዱን ቢመለስ፣ ልጃችሁ ብታልፍም እናንተ ወድቃችኋል። እኛ ቤት ጉዳዩ ተወስኖ ያለቀው እኔ ሳልሰማ ነበር። አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ግቢያችን ውስጥ ቀይ ፍየል ታስሮ የእማን ጎመን ይግጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የፈታኞችሽ ነው» አለ አዴራ ሙሜ። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ጫት ነጋዴ ነው፤ አባቴ ከሞተ ጀምሮ አንድ ግቢ ውስጥ ከኛ ጋር ይኖራል። በእኛ ቤት አንቱታ የለም፤ አዴራ ደግሞ በአማርኛ ሲያወራ ከንቲባውንም «አንተ» ነው የሚለው። «ሚኤሶ ድረስ ወርጄ ነው የመረጥኩት። ወገቡን እይው እስቲ።»

«አዴራ፣ ስለምን እንደጻፍኩ ታውቃለህ አይደል?»

«ስለ ምሳ።»

«ስለ ምሳ ምን ብዬ?»

«መጥፎ ነው ብለሽ» አለ በሐዘን። «ግን ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ፍየሉ ያንቺን ጽሑፍ አላነበበም።»

እናቴ ኩብራ ከማድቤት ብቅ ብላ «ታዲያ ምን ይብሉ?» አለች።

«ውሃ። የታሸገ ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ።»

«ውሃ!» እማ ደረቷን ያዘች። «ሰው ያን ሁሉ አገር አቋርጦ መጥቶ ውሃ! ሰዎቹ ግመል ናቸው?»

«እማ፣ ግብዣ ኦዲተርን ያበላሻል ብዬ መጽሐፍ የሚያህል ነገር ጽፌ፣ ፈታኞቼን ፍየል ላበላ? ሰው ምን ይለኛል?»

ጮኽኩ መሰለኝ። ፍየሉ ማኘኩን አቆመ። እኔም ላፕቶፔንና አንድ ቅያሪ ልብስ ይዤ ወጣሁና ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ወደምትኖረው ጓደኛዬ ሉባባ ቤት በባጃጅ ሄድኩ። እስከ ቅዳሜ እዚያ ሆኜ ልለማመድ ወሰንኩ። ስወጣ እማ ከኋላዬ «አንቺ ካላበላሻቸው መንገደኛ ይበላዋል! የጁምዓ ሰደቃ አደርገዋለሁ!» ስትል ሰምቻለሁ። ጥሩ፣ መንገደኛ ይብላው አልኩ። ይህችን ንግግሬን አስታውሱልኝ።

ዓርብ ዕለት የሆነውን በኋላ ነው ከእማ የሰማሁት።

አዴራ ሙሜ ጫት አድርሶ ፒካፑን ባዶውን እየነዳ በሚኤሶ ሲመለስ፣ አንድ አውቶቡስ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ተሳፋሪው በየጥላው ተበትኗል። ከሁሉም ራቅ ብሎ፣ ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ቦርሳውን እንደ ሕፃን ያቀፈ መነጽራም ሰው ፀሐይ ላይ ቆሟል። የሚኤሶ ፀሐይ ደግሞ የምትቀልድ ፀሐይ አይደለችም። አዴራ ቆመ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ ወዴት ነህ?» «ወዐለይኩም ሰላም፣ ጭሮ።» «ግባ!» በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነበር።

እኛ ዘንድ እንግዳ ስሙን አይጠየቅም። ማነህ፣ የማን ልጅ ነህ፣ ለምን መጣህ ብሎ መጠየቅ ስምህን አይቼ ላብላህ ወይስ ልተውህ እንደ ማለት ይቆጠራል። በልቶ ጠጥቶ ሲያበቃ ከፈለገ ራሱ ይናገር። ካልፈለገም ይሂድ። እንግዳውም ድካም ይሁን ይሉኝታ ይዞት «ለሥራ ጉዳይ ነው» ከማለት በስተቀር አልተናገረም። ጭሮ ደርሰው ጁምዓን አብረው ሰገዱ። ከዚያ አዴራ እጁን ይዞ ቤት አመጣው።

ቤት ደግሞ እማ ለእኔ ባላት ንዴት ፍየሉን አሳርዳ፣ ሩዝ በሥጋ ሠርታ፣ የሚበላላት ሰው አጥታ ተቀምጣለች። እንግዳው በላ። ጨመሩለት፣ በላ። በቃኝ ሲል አዴራ «ወላሂ!» እያለ ማለበት፣ በላ። ከሰዓት በኋላ አዴራና ጓደኞቹ ሲቅሙ እሱ አልቅምም ብሎ ለውዝ እየቆረጠመ አብሯቸው ሲሥቅ ዋለ። አመሻሽ ላይ ሆቴሉ በባጃጅ ሲሸኙት እማ ከቦኬ ዘመዶቻችን የመጣ ጥሬ ቡና ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ከተተችለት። እሱም መርቋቸው ሄደ። ስሙን አልጠየቁትም፤ እሱም የቤቱ ልጅ ማን እንደሆነች አልጠየቀም። ቢጠይቅ እንኳ የሚያውቀው ሳቢት የሚባል የአባት ስም እንጂ ሙሜ የሚባል አጎት አልነበረም።

እኔ በዚያው ሰዓት ሉባባ ቤት መስታወት ፊት ቆሜ «ክቡራን ፈታኞቼ» እያልኩ ነበር። ዶክተር ጌድዮን ደወለ።

«የውጭ ፈታኙ ዶክተር ኢርሻድ ገብተዋል። አውቶቡሳቸው ተበላሽቶ ደጋግ ሰዎች አመጡኝ አሉ።»

«አልሐምዱሊላህ» አልኩ። «ደግ ሰው አይጥፋ።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹን ቀድሜ ደረስኩ። ጠረጴዛው ላይ የታሸገ ውሃ ደረደርኩ፤ ከውሃ ሌላ ከረሜላ እንኳ የለም። ኩራት ተሰማኝ። ሰብሳቢዋ ዶክተር ሳፊያ ገቡ፤ ትምህርት ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ የውስጥ ፈታኝም እሳቸው ናቸው። ከኋላቸው ዶክተር ጌድዮን ገባ። በመጨረሻ አንድ ኮት የለበሱ፣ ረጋ ያሉ መነጽራም ሰው ገቡ። ፊታቸው ላይ ፈገግታ፣ በአንድ እጃቸው ጽሑፌ፣ በሌላው ቦርሳ። «ከተማችሁ የደጋጎች ከተማ ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ።

ስላይዱን ከፈትኩ። ግድግዳው ላይ አራቱ መስመር ርዕሴ በትልልቁ በራ። ልጀምር አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተና እማ በአዲስ ሻሿ፣ አዴራ ሙሜ በነጭ ጀለቢያው ገቡ። ቤተሰብ እንዲታደም ይፈቀዳል። አዴራ በእግር ጣቱ እየረገጠ ወደ ኋላ ወንበር ሲሄድ የፈታኞቹን ጠረጴዛ አየና ቆመ።

«ያ ረቢ!»

ዶክተር ኢርሻድ ዞር አሉ።

«የሚኤሶው ኬሱማዬ፣ እንግዳዬ አይደለህ እንዴ? አቦ፣ ምነው ትናንት ፈታኝ ነኝ አትለኝም!» አዴራ እጆቹን ዘርግቶ ወደ ጠረጴዛው መጣ። «ኢንሳፍ! ሰውዬው እኮ የኛው ሰው ነው! ትናንት ቤታችን ነው የዋለው! ያንን ያንቺን ፍየል የበላው እሱ ነው!»

ዶክተር ኢርሻድ ለሰላምታ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሥተው ነበር። ዓይናቸው በአዴራ ትከሻ ላይ አልፎ ግድግዳው ላይ የበራውን ርዕሴን አገኘው። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ቁጭ ማለትም መቆምም አቃታቸው።

ሁኔታው ጨርሶ ያልገባት እማ ነበረች። ሻሿን እያስተካከለች በትሕትና «ቡናውንስ ሆቴል አልረሱትም አይደል?» አለቻቸው።

ዶክተር ጌድዮን ፀጉሩን ማከክ ጀመረ።

ዶክተር ሳፊያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ዶክተር ኢርሻድ፣ ትውውቅ አላችሁ?»

«አላውቅም ነበር» አሉ ፈታኙ። ጆሯቸው ቀልቷል። «ማለቴ፣ ሰዎቹን አሁን አውቃቸዋለሁ። የማን ቤተሰብ እንደሆኑ ነው ያላወቅሁት።»

እሳቸው ይነሱ ቢባል ሌላ የውጭ ፈታኝ በዚያ ቀን ከየት ይመጣል? ቀኑም የመጨረሻው ነው። ዝም ብንልና ብንቀጥል ደግሞ፣ ማለፊያ ነጥቤን ሰው ሁሉ የፍየል ነጥብ ይለዋል። እኔ ራሴ እለዋለሁ።

«ይመዝገብ» አልኩ። «ቃለ ጉባኤው ላይ የውጭ ፈታኙ ትናንት በተፈታኟ ቤት መጋበዛቸው፣ ማንም ማንንም ሳያውቅ መሆኑ ተጽፎ እንቀጥል። ለመደበቅ ካልሞከርን ነውር የለውም።»

ዶክተር ሳፊያ ጻፉ። ከዚያ ቀና ብለው «ዶክተር ኢርሻድ፣ መቀጠል ይችላሉ?» አሉ።

«ያለ ምንም ተጽዕኖ» አሉ ፈታኙ ኮታቸውን እየቆለፉ።

በሙያዬ ይህን ቃል ከማን እንደምሰማ ስለማውቅ መፍራት ጀመርኩ።

አቀራረቤ መጥፎ አልነበረም። ከዚያ የጥያቄው ተራ ደረሰ። ያ ፈገግ ብሎ የገባ ሰው የት እንደሄደ እንጃ። መግቢያዬ ላይ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል። የሠንጠረዡ መስመር ወፍራም ነው። የዋቢ ዝርዝሬ ውስጥ አንዱ ስም አጥሯል። ናሙናዬ ለምን ገለምሶን ዘለለ? «ምስጋና» የሚለው ገጽ ለምን በደማቁ ተጻፈ? አንዱን መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል። አንድም ጊዜ እማና አዴራ ወዳሉበት አላዩም፤ አንገታቸው ወደዚያ አልዞር ያለ ይመስል ነበር። አማካሪዬ ጣልቃ ሊገባ ሞክሮ «እርስዎ ይቆዩ» ተባለ።

በመጨረሻ ጽሑፌን ዘግተው እጃቸውን ላዩ ላይ አጣመሩ።

«በእኔ አቋም ይህ ሥራ በብዙ መልኩ ይጎድለዋል። ተሻሽሎ በድጋሚ ይቅረብ።»

በድጋሚ። ድጋሚ የሚባል ቀን እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ከኋላ አዴራ ሙሜ በኦሮምኛ «ሥጋዬን በልቶ!» ሲል፣ እማ ጀለቢያውን ስትጎትተው ሰማሁ። እኔ ማልቀስ አማረኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ሠርግ ሲሄድ፣ ሰው ሲዝናና፣ እኔ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ከዚያ ግን ያ የነጠላ ሰረዝ ነገር ትዝ አለኝና ተናደድኩ። ለእኔ ከለቅሶ ንዴት ይሻለኛል።

ምክንያቱም ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ጽሑፌ ውስጥ አለ።

«መልስ እንድሰጥ ይፈቀድልኝ» አልኩና ወደ አራተኛው ምዕራፍ ስላይድ ሄድኩ። «ጥናቱን ስጀምር የጠበቅሁት፣ የተጋበዘ ኦዲተር ይለሳለሳል የሚል ነው። ብዙዎቹ እንደዚያው ሆኑ። ግን ያልጠበቅሁት ሌላ ዓይነት አገኘሁ። ሚኤሶ ላይ ያነጋገርኩት አንድ ኦዲተር ያለኝን ላንብብላችሁ።»

አነበብኩ። «‹ምሳቸውን በልቼ በወጣሁበት ቀን የጻፍኩት ሪፖርት ከጻፍኳቸው ሁሉ የከፋው ነው። የግዢ ሥርዓታቸው መልካም ነበር፤ እሱን አልጻፍኩም። የማኅተሙ ቀለም ደብዝዟል፣ የፋይሉ ጀርባ ተቀዷል ብዬ ገጽ ሞላሁ። በምሳ እንዳልተገዛሁ ሰው እንዲያይልኝ ነው። ሰዎቹን ጎዳኋቸው።›»

ከማያ ገጹ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ።

«ዶክተር፣ በአክብሮት ነው የምጠይቅዎት። ትናንት አውቶቡሱ ባይበላሽ ኖሮ፣ ዛሬ ካነሱት ውስጥ የትኛውን ያነሱ ነበር?»

ዶክተር ጌድዮን ዓይኑን ጨፈነ። ዶክተር ሳፊያ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ተማሪ ፈታኝን እንዲህ አይጠይቅም፤ እኔም ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት። ያለቀልኝ መሰለኝ።

ዶክተር ኢርሻድ የታሸገውን ውሃ ከፈቱ፣ ጠጡ፣ ክዳኑን መልሰው አጠበቁ። ከዚያ አስተያየታቸውን የጻፉበትን ወረቀት ወደራሳቸው ስበው መሰረዝ ጀመሩ። ነጠላ ሰረዙ ተሰረዘ። ወፍራሙ መስመር ተሰረዘ። ደማቁ ምስጋና ተሰረዘ። ብዕራቸው ወረቀቱን ሲፍቅ ከቆምኩበት ይሰማኛል። አንድ ቦታ ላይ ለራሳቸው «አይ፣ ይቺስ አሳፋሪ ናት» ብለው ፈገግ አሉና እሷንም ሰረዙ። ገለምሶ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ቆም ብለው፣ «ምክንያቷ በአንድ አንቀጽ ይብራራ» ብለው አስተካከሏት። ጠዋት የገባው ሰው ተመለሰ።

«አንድ ቀርታለች» አሉ። «ይቺን አልሰርዛትም። ከመሳፈሬ በፊት ቤቴ ሆኜ ነው በእርሳስ የጻፍኳት።» ጽሑፌን ገልጠው ጠርዙ ላይ ያለውን አነበቡ። «‹አጥኚዋ ራሷ ተጋብዛለች ወይ?›»

ቀና ብለው አዩኝ።

«መረጃ ስትሰበስቢ በልተሻል?»

ቦኬ ታየኝ። ቅቤው፣ ጉርሻው፣ «በፍጹም!» ያለኝ ሰውዬ። ቦኬ ብቻ አይደለም፤ ያልበላሁበት ወረዳ የለም።

«በልቻለሁ።»

«ሥነ ዘዴው ምዕራፍ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ለምን አልጻፍሽም?»

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግቢያችን ውስጥ ፍየሉ ፊት የጮኽኩት ድምፅ እንደገና ተሰማኝ።

«ይህ ውሃስ?» አሉ ጠርሙሱን በጣታቸው ነካ አድርገው። ጉዳዩን ይዘውታል፤ እኔም ብሆን አልለቅም ነበር። «ለእኛ ነው ወይስ ለሰው ዓይን?»

ዋሽቼ ማምለጥ እችል ነበር። እማ ከኋላ ተቀምጣለች።

«ለሰው ዓይን ነው» አልኩ። «ምዕራፍ አራት ውስጥ እኔም አለሁ።»

አዳራሹ ሣቀ። ዶክተር ሳፊያ ሣቁ፣ ዶክተር ጌድዮን ሣቀ፣ እኔ ግን ወዲያው አልሣቅሁም፤ እማን እያየሁ ነበር። እሷ እንግዳ ላብላ ብላ ስትለምን ግመል ናቸው ወይ እስክትል ያደረስኳት፣ የማኅተም ቀለም ደብዝዟል እንዳለው ሰውዬ ለታይታ ነው። ይህ ደግሞ ተምሬ ያመጣሁት ነው፤ እኛ ቤት አልነበረም።

ውጭ እንድንጠብቅ ተደረገ። ኮሪደሩ ላይ አዴራ ሙሜ አንገቱን እየነቀነቀ ቆየ። «አሁን ያ ሰውዬ ወዳጅ ነው ጠላት?» አለኝ። «ፈታኝ ነው» አልኩት። ስንጠራ ዶክተር ሳፊያ ቆመው አነበቡ፦ አልፋለች፣ «በጣም ጥሩ»፣ በጥቂት ማሻሻያ፤ ማሻሻያው የገለምሶን አንቀጽና፣ አጥኚዋ መረጃ ስትሰበስብ የት የት እንደተጋበዘች የሚገልጽ አንድ ገጽ መጨመር ነው። ሦስቱም የፊርማ ገጹ ላይ ፈረሙ። እማ እልል አለች፤ የጥበቃው ሠራተኛ በመስኮት አየ። እኔም በመጨረሻ ያን የዘገየ ለቅሶዬን አለቀስኩ።

አዴራ ግን ነገር አይረሳም። ፈታኙ ቦርሳቸውን ይዘው ሲወጡ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው።

«ትናንት ስምህን ሳልጠይቅ አበላሁህ» አላቸው።

«አዎ፣ አባባ» አሉ ዶክተሩ።

«ዛሬ ስምህን አውቄዋለሁ። ልጄን ምን ስታደርጋት እንደነበርም በዓይኔ አይቻለሁ።» በእጁ ወደ ፒካፑ አመለከተ። «ሩዙ መኪና ውስጥ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ና።»

ለካ እማ የፍየሉን ግማሽ ደብቃ ኖሯል። ለዶክተር ጌድዮን ደግሞ የኛን እርድ እንደማይበላ ስለምታውቅ ለብቻው ሽሮና እንቁላል በሌላ ሰሃን ሸፍናለታለች። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ዛፍ ሥር፣ በፒካፑ ኋላ ላይ ተበላ። የታሸገው ውሃም እዚያ ጠቀመ።

አዴራ ዶክተር ኢርሻድን መናኸሪያ ሊያደርሳቸው ሞተር ሲያስነሳ፣ እሳቸው ቦርሳቸውን ከፈቱና በላስቲክ የተጠቀለለውን የቦኬ ቡና አውጥተው ጠረጴዛ በሆነን የፒካፑ ጠርዝ ላይ አኖሩት።

«ይህን ግን መመለስ አለብኝ። ምግቡን በልቼ ጨርሻለሁ፤ ይሄ ግን አሁንም እጄ ላይ ነው።»

እማ ቡናውን አየችው፣ ከዚያ እጆቿን በሻሿ ጫፍ አበሰች። ይህን ማየት ከፈተናው ሁሉ በላይ አመመኝ።

ሁሉም እኔን አዩኝ። ሕጉን የምታውቀው፣ ይመዝገብ ያለችው እኔ ነኝ። ቡናውን አነሣሁ፤ ከብዷል፣ እማ እጇ ሰፊ ነው። የዶክተሩን ቦርሳ ዚፕ ከፍቼ፣ መነጽር ማስቀመጫቸውን ገፋ አድርጌ፣ ቡናውን ወደ ውስጥ ከተትኩና ዚፑን ዘጋሁ።

«ፊርማው ደርቋል፣ ዶክተር።»

እሳቸው ቦርሳውን እያዩ ፈገግ አሉ። «እሺ፣ ይህስ በየትኛው ገጽ ይመዘገባል?»

«አይመዘገብም» አልኩ። «እናቴ ናት የሰጠችዎት።»